የኅዳር አሥራ ሁለት አመድ

ሠርኬ ከቤት ስትወጣ የባልዲው እጀታ ሞቅ ብሏት ነበር፤ ፀሐይ ነው ብላ አለፈችው። ቦኖው ጋ ተራዋ ደርሶ ውሃው ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ግን የባልዲው ቂጥ "ጭስስ" አለ።

"እትዬ ሠርኬ፣ ውሃ ሊቀዱ ነው ወይስ ወጥ ሊሠሩ?" አለ የቦኖው ጠባቂ። ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ዕለቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን። ዘንድሮ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ቀበሌው በየደጁ ማቃጠልን ከልክሏል። ሸማ ተራ ጀርባ ቤቱ ሁሉ ጭቃና እንጨት ነው፤ በየመሃሉም ጋቢና ጥጥ የታጨቀበት መጋዘን አለ። የቀጠናው ተጠሪ ጋሼ አገኘሁ ከዋዜማው ጀምረው በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ሲያሳስቡ ነበር፤ የሚቃጠለው ሜዳው ላይ ብቻ ነው፣ አጠገቡ ውሃና አሸዋ ይኑር፣ ነፋስ ከተነሣ ይጥፋ፣ አመድ በብረት ዕቃ እንጂ በጆንያ አይቀመጥ። ሠርኬ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች።

ረፋዱ ላይ ሜዳው ላይ ያለው እሳት ሲከስም፣ ለድስት መፈተጊያ ይሆነኛል ብላ ግማሽ ባልዲ አመድ ዝቃ ወሰደች። በኋላ ቦኖው ተከፈተ ሲባል፣ ያላት ባልዲ አንድ ብቻ ነውና፣ አመዱን ጆንያ ውስጥ ገልብጣ በሩ አጠገብ ግድግዳውን አስደገፈችው። ላዩን በእጇ ነክታዋለች፤ ቀዝቅዟል። ቤት ውስጥ የሰባት ዓመት ልጇ ባይነሽ ቶንሲል ይዟት ተኝታለች። ሠርኬ ሌባ ይገባባታል ብላ ስለፈራች በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

አሁን የባልዲውን "ጭስስ" ስትሰማ አመዱ ውስጥ ገና እሳት እንዳለ ገባት፤ ባልዲውን እዚያው ጥላ ሮጠች። መንገዱን ሙሉ የሚታያት ቆርቆሮው ሲግል፣ ልጅቷ በሩን ስትደበድብ ነው። ሾፌሩ ባሏ ከአሰብ ሲመለስ ምን ብላ እንደምትነግረው ቃል እስከ መምረጥ ደርሳ ነበር።

ግቢው ስትደርስ ጭስ አልነበረም። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ከነማንጠልጠያው ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። ጆንያው የለም። አልጋው ባዶ ነው።

"ባይነሽ!"

"እዚህ ናት! አትጩሂ፣ መንደሩን ታስደነግጫለሽ" አሉ የጋቢ ነጋዴው የጀማለዲን ሚስት እትዬ ሀጅራ፣ ከጎረቤት ደጃፍ ብቅ ብለው።

ባይነሽ የሳቸው አልጋ ላይ በአዲስ ጋቢ ተጠቅልላለች። ጠዋት ምራቅ መዋጥ ያቃታት ልጅ ቴምር ትበላለች።

"እማዬ! እትዬ ሀጅራ በራችንን በዘነዘና ሰበሩት!"

ሠርኬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካች። ማልቀስ ጀምራ መሃል ላይ ሳቅ አመለጣት።

"ጋቢ ላሰጣ ብወጣ ጆንያሽ ይጨሳል" አሉ ሀጅራ። "እሳቱ ግድግዳሽን መላስ ጀምሯል። ለሶላት መታጠቢያ ያስቀመጥኩትን የውዱእ ውሃዬን ደፋሁበት፤ አልበቃው ሲል ጓሮ ጎትቼ አሸዋ ጨመርኩበት። ልጅቷ ውስጥ ትስላለች፣ ቁልፉ አንቺ አንገት ላይ። ምን ላድርግ?"

"የውዱእ ውሃዎን!"

"ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ትተኪልኛለሽ።"

ወዲያው ጋሼ አገኘሁ ወሬውን ሰምተው ገቡ። ሠርኬ ገና የተመለሰላት ነፍስ እንደገና ወጣች። "በቃ፣ ሊወስዱኝ ነው። ልጄን አደራ" አለች ለሀጅራ በሹክሹክታ።

ሰውየው ወደ ሠርኬ ደጅ ወጥተው የጠቆረውን ግድግዳ ዳበሱ፤ ጓሮ ሄደው እርጥቡን አመድ በእንጨት ገለበጡት።

"አመድ ላዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ሆዱ እስከ ነገ እሳት ይይዛል። ውሃ ማጠጣት፣ ማማሰል፣ እንደገና ማጠጣት! ስንቴ ልናገር?"

"ሰምቻለሁ ጋሼ። ላዩን ነክቼው ነበር። ይጻፉኝ።"

"ምን እጽፍሻለሁ? እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሥተሽ የሆነውን ትናገሪያለሽ። እኔ ስናገር ያንቀላፋሉ፤ አንቺን ይሰሙሻል።"

"በሰው ፊት? ከዚያስ እስሩ ይሻለኛል!"

"አብሬሽ እቆማለሁ" አሉ ሀጅራ። "ዘነዘናውንም ይዤ።"

ጋሼ አገኘሁ እንኳ ሳቁ። ከተጠሪነቱ በፊት አናጢ ነበሩና መዶሻና ምስማር አስመጥተው ማንጠልጠያውን ረዘም ባለ ምስማር መልሰው መቱት። ሠርኬ ቦኖው ጋ ስትመለስ ጠባቂው ባልዲዋን ሞልቶ አስቀምጦላት ነበር። ውሃውን በቀጥታ ለሀጅራ ወሰደች።

ሲመሽ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ተመልሳ ዳሰሰችው። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ከሣጥን ውስጥ የጓጉንቸሩን ሁለተኛ ቁልፍ አውጥታ ወደ ጎረቤት ሄደች።

"ይሄ እርስዎ ጋ ይቀመጥ" አለች።

ሀጅራ ቁልፉን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። "ዘነዘናዬ ተገላገለ" አሉ።

ባይነሽ ቤቷ ገብታ፣ የቴምር ፍሬ በጉንጯ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። ሠርኬ ፍሬውን በጣቷ አወጣችላት፤ ይህ ደግሞ ሊያንቃት ይችል ነበር። ከዚያ በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወረወረች።