ያልከፈለ አያይም

«ካርታው የታለ?» አለ ገነነ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ።

ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ጎንበስ ብለው እጃቸው ላይ ያለውን አዩ። አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ወደ ሳል ለወጠው።

ፅናት የንፍሮ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። «ይኸውልዎ ጋሼ፣ እየበወዙት ነው። አንድም አልጎደለም።»

«አትቀልጂ! የቤቱን ነው የምልሽ! ወንድሜ ካርታውን ላንቺ ሰጥቶ እንደሞተ አገር ሰምቷል!»

አገር መስማቱስ እውነት ነው። ዘበነ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው ጎረቤቱ እትዬ በለጠች ናት። ልጁ ፅናት ፒያሳ ከምትሸጥበት ወርቅ ቤት ሮጣ ስትደርስ የአባቷ ዓይን ተከድኖ ነበር። በለጠች ደግሞ አደራ ሆዷ ውስጥ ከሚያድር እሳት ቢያድር የምትመርጥ ሴት ናት። ቀብር ላይ፣ አፈሩ ገና ሳይመለስ፣ ደረቷን እየመታች «ካርታውን ለፅናት ስጪልኝ፣ ለማንም እንዳታሳይ በያት ብለኸኝ ነበር፤ ዘበነዬ!» ብላ አወረደችው። ለማንም እንዳይታይ የተባለውን ነገር የማያውቅ የቀረ ቢኖር የሰፈሩ ድመት ነው።

ፅናት ግን አንድ ነገር ታውቃለች። ትራሱ ስር የተገኘው ጠርዙ ያለቀ የመጫወቻ ካርታ ነው። የቤቱ ካርታ ይቀመጥበት የነበረውን ሳጥን እሷና በለጠች በር ዘግተው ፈተሹት። ባዶ ነው።

ቤቱ ከፈረሰው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር የተረፈ አንድ የጣውላ ቤት ነው። ሰፈሩ ሙሉ በነበረ ጊዜ ሰው ሲሞት ለእድሩ ድንኳን ቦታ እየጠፋ መንገድ ይዘጋ ነበር። አሁን ቦታ ሞልቷል። በግራም በቀኝም የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ ሜዳ። የድሮ ጎረቤቶች ከሩቅ ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ እየመጡ፣ መጀመሪያ የራሳቸው ደጃፍ የት ጋ እንደነበር ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ገብተው ለዘበነ ያለቅሳሉ። ይሄም ቤት የመፍረስ ተራው ደርሷል። ካርታ ያሳየ ምትክ ያገኛል። ያላሳየ ዕቃውን ይጭናል።

«ግማሹ የኔ ነው!» አለ ገነነ፣ የኮቱን የደረት ኪስ መታ መታ እያደረገ። «ዘበነ የፈረመበት ውል እዚህ አለ! ነገ ከሠልስቱ በኋላ ሽማግሌ ፊት ካርታውን ታወጫለሽ!»

ድርሻውን ለዘበነ ሸጦ ከቤቱ ሲወጣ ፅናት ጥርስ አላበቀለችም ነበር። አሁን ወንድሙ ሞተና ውል በቀለ።

«እግዜር ያፅናሽ» አሏት ሲገቡ የነበሩ አንዲት እናት፣ ጫጫታውን ለማብረድ።

«አባቴ አስቀድሞ ብሎኛል፤ ስሜ እሱ ነው» አለችና ሳህኑን አስቀመጠች።

*

ስሟን ያወጣው እሱ ነው። ያስተማራትም እሱ ነው፤ ከፊደል ቀጥሎ ካርታ። ቅዳሜ ከሰዓት ውቤ በረሃ ከምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ጓዳ ይዟት ይሄዳል። ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣታል፣ ለስላሳ ያስይዛታል፣ አባቷና ገነነ ያሉበት አራት ሰዎች ፖከር ሲጫወቱ ታያለች። ሲመለሱ ዳገቱን እየጠየቃት ይወጣሉ።

«ዛሬ ማን ፎገረ?»

«ባለ ባርኔጣው። ዓይኑን አላርገበገበም።»

«ፊት ተይ። ፊት አራዳ ነው፤ ዋሽ ቢሉት ይዋሻል። ድምፅ ስሚ። ባዶ የያዘ ይጮኻል። የሞላለት ያዝናል። አጎትሽን አላየሽም? ገነነ ጥሩ ካርታ ሲመጣለት ዘመድ የሞተበት ነው የሚመስለው።»

ያን ጊዜ ሁለቱም መንገድ ላይ ቆመው ስቀዋል።

አሁን ገነነ ዘመድ ሞቶበታል። ከቀብር ጀምሮ ግን እየጮኸ ነው።

*

ለቅሶ ቤት ወንዶች ካርታ የሚጫወቱት ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ነው። በገንዘብ አይጫወቱም፤ ነውር ነው። የሚመድቡት ከንፍሮው ላይ የለቀሙትን ሽምብራ ነው። በሣጥን ላይ የተዘረጋውን ካርቶን ከበው ከተቀመጡት መሃል አንዱ ወንበር ከትናንት ጀምሮ ባዶ ነው። የዘበነ የዕድሜ ልክ ተጋጣሚ የነበሩት ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ተክላይ ሰው አላስቀምጥም ብለዋል።

ፅናት ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠችበት።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ጋሽ ተክላይ ዝቅ ብለው፣ «ሐዘንተኛ አትጫወትም። ሴት ደግሞ...»

«የአባቴ ወንበር ነው ጋሽ ተክላይ። ሴት ወንበር አታሞቅም ያለዎት ማነው? ጋሼ ገነነ፣ ቁጭ ይበሉ። ካርታ ካርታ እያሉ ሲደክሙ ዋሉ፤ እስቲ ጥቂት ላሳይዎ።»

ድንኳኑ አጉረመረመ። ደጅ ፔርሙስ ይዛ የቆመችው በለጠች «ኧረ በመድኃኔዓለም!» አለች፤ ግን ለማየት ቀረበች። ገነነ እምቢ ቢል የፈራ ይመስልበታል። ተቀመጠ።

ተክላይ አምስት አምስት አደሉ። ለፅናት ሁለት ንጉሥ መጣላት። ገነነ ካርታውን አየ፣ ትከሻው ወረደ፣ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «አይ... እኔ ዱሮም ዕድል የለኝም» ብሎ ሦስት ሽምብራ ገፋ።

ፅናት ሁለቱን ንጉሦች ደፍታ ጣለች።

«ምን ይዘሽ ነው ቶሎ የጣልሽው?» አለና ገነነ የራሱን ዘረጋው። ሦስት ሰባት። ወንዶቹ አፏጩ።

ቀጣዩ ሲታደል ለሷ የመጣላት ሁለት አራት ብቻ ነው። ገነነ ከካርታው ዓይኑን ሳያነሳ ያለ የሌለ ሽምብራውን መሃል ላይ አፈሰሰው። «የአባትሽ ልጅ ከሆንሽ እይው! እይውና ጉድሽ ይውጣ!»

ድምፁ ድንኳኑን ነቀነቀው። ፅናት ሽምብራዋን አንድ በአንድ ቆጥራ በሱ ልክ አስያዘች። «አየሁ።»

ምንም አልነበረውም። በአምስት ካርታ አምስት ዓይነት ነገር።

«በሁለት አራት?» አለ አንዱ ከኋላ። «በሁለት አራት አዋረደቻቸው!» ሳቁ ለአፍታ ለቅሶውን አስረሳ። ጋሽ ተክላይ ብቻ አልሳቁም፤ እንደ አባቷ ካርታ የሚይዙትን ጣቶቿን ሲያዩ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

የገነነ ጆሮ ቀላ። «በሽምብራ ማን አልተጫወተም! ነገ ነው ጨዋታው! ካርታው ካለሽ ዛሬ አሳይኝ!» እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። መታ፣ መታ።

ፅናት ልቧ ሞላ። ኪሱ ባዶ ነው። እንደ ሁለተኛው እጅ ባዶ። ጋሼ፣ እኔ እኮ እርስዎን በልጅነቴ ነው ያነበብኩዎት፣ አለች በሆዷ።

«ያልከፈለ አያይም፤ የጨዋታው ሕግ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰሙ። «ነገ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ። እርስዎ መስቀል ይዘው ይማሉ፤ ውሉ ላይ ያለው የወንድሜ ፊርማ ነው ይላሉ። የኔ ካርታ ዋጋው እሱ ነው። የማሉ ዕለት አወጣለሁ።»

ባዶ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይጥላል። ወይ ይሳደባል፣ ወይ ይነሳና ይሄዳል። እሷ የጠበቀችው ያንን ነው።

ገነነ እጁን ከኪሱ አወረደ። ትከሻው ወረደ። በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«አይ... እሺ ልጄ» አለ፣ ስለ ቤቱ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ። «እምላለሁ። ነገ ይሁን። እኔ እንደሆነ ዱሮም ዕድል የለኝም።»

ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ሰዎቹ «ተሸነፉ» አሉ። ፅናት እጇ ላይ ያለችው ሽምብራ ቀዘቀዘቻት።

*

ሲያመሻሽ አባቷ የተኛባት ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ጩኸቱን ሰምታ ነበር፤ ምን እንደሚጮኽ ግን አልሰማችም። ገነነ ከቀብር ጀምሮ የጮኸው ስለ ውሉ ብቻ አይደለም። «ካርታው የታለ?» እያለ ነው የጮኸው። ውሸቱ እሱ ነው። የት እንዳለ ያውቃል። ባለፈው እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «እኔ አለሁለት» ብሎ ከበሽተኛው ጋር የቀረው እሱ ነው። ሳጥኑ ከአልጋው ሥር ነው። አባቷ እያየው ወስዶታል። እሷ ካርታ እንደሌላት ከዓለም ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ገነነ ነው፤ እሷ ደግሞ ነገ አወጣለሁ ብላ በገዛ አፏ ቃል ገብታለች። ያ ሁሉ ንባብ ለዚህ። ኩራት የሚያነበው የሚወደውን መስመር ብቻ ነው።

በለጠች በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄ፣ ያን ነገር ቀብር ላይ ባልለፈልፈው ኖሮ...»

«እትዬ፣ ቃል በቃል ንገሪኝ። ምን ነበር ያለሽ?»

«ካርታውን ለፅናት፣ ለማንም አታሳይ። ይኸው ነው። እኔም ግራ ገብቶኝ፣ ለጋሽ ተክላይ ልንገራቸው ወይ? ሰው ልጥራልህ ወይ? አልኩት። አይሆንም አለ። ላንቺ ነው አለ። ላንቺ ብቻ። ከዚያ፣» ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች፣ «ከዚያ ሳቅ አለብኝ። ጨነቀኝ እኮ። ምን ያስቀዋል?»

ፅናት ቀና አለች።

ጋሽ ተክላይ አፋቸው መቃብር ነው። የነፍስ አባቱም አሉ። ሰው ሲያነብ የኖረ ሰው ግን የመጨረሻ ምስጢሩን የሰጠው በዚህ ሰፈር አንድ ምስጢር ሌሊት አድሮባት ለማታውቅ ሴት ነው። ዘበነ ካርታውን ከወንድሙ እጅ መንጠቅ አልቻለም። እንዳይወጣ ግን አደረገው። ከእንግዲህ ያ ወረቀት ከገነነ ኪስ የወጣ ቀን፣ ቀብር የቆመ ሰው ሁሉ «እሱ እኮ ለፅናት የተሰጠው ነው፤ አንተ ከየት አመጣኸው?» ይለዋል። ካላወጣው ደግሞ ምትክ የለም። እጁ ሞልቷል፤ መዘርጋት አይችልም።

ቢያቃጥለውስ? እሱም አለ። እንደሱ ያለ ሰው እኔ ካልበላሁት ይደፋ ይላል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሜዳ በመስኮቱ ጨልሞ ይታያል።

«ምን አሰብሽ?» አለች በለጠች።

«ነገ ሽማግሌ ፊት ትጠየቂያለሽ እትዬ። አባቴ ያለሽን እንደገና ትናገሪያለሽ?»

«እኔ! ዝም በይ ቢሉኝ እንጂ ተናገሪ ቢሉኝማ...»

በለጠች ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። ፅናት እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች።

ፖከር ላይ አልጨምርም፣ ተራው ያንተ ነው ለማለት የጠረጴዛውን ጣውላ በጣት ሁለቴ ይመቱታል። አባቷ እየመታ «አለፍኩ» ይል ነበር። ድምፁ ሲሳሳ ሾርባ ስታቀርብለት፣ መድኃኒት ስታቀርብለት፣ ከአልጋው ሆኖ ይህቺኑ የግድግዳ ጣውላ ሁለቴ ይመታላታል። አለፍኩ። በሞተበት ጠዋትም ወደ ሥራ ስትወጣ መትቶላታል። ቁርስ እምቢ ያለ መስሏት ተቆጥታው ነው የወጣችው።

ጣቷ ጣውላው ላይ፣ የሱ ጣት ባለሰለሰው ቦታ ላይ ቆየ። መምታት ቀላል ነበር። ሁለቴ ብቻ ነው።

አልመታችም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረቻትን አንዲት ሽምብራ ፈታች፤ ከአልጋው ራስጌ፣ የጣውላው ጠርዝ ላይ ለነገው ጨዋታ አስያዘቻት።