አባባ ሰፈር ሲመርጡ

አባታችን ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል። በዚህ ሰፊና አሮጌ ከተማ ውስጥ ያልገቡበት ግቢ፣ ያልጮኸባቸው ውሻ የለም። እኛ ሦስት ልጆቻቸው ደግሞ ዓይናችንን በጨው አጥበን ለእኚህ ሰው ሰፈር ልናሳያቸው ተነሳን።

የተነሳነው ወደን አይደለም። በድሮው የከተማው ግንብ ውስጥ አባባ አርባ ዓመት ተከራይተው የኖሩበት ቤት ባለቤት ሞቱና ወራሾቹ የአገር ጎብኚ ማረፊያ ሊያደርጉት ፈለጉ። ግድግዳው ታሪካዊ ነው ተባለ። ውስጡ ያረጁት ሰውዬ ግን ታሪካዊ አልነበሩም፤ በአንድ ወር እንዲለቁ ተነገራቸው። እናታችን ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። አባባ ብቻቸውን ናቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ባለመኪናው ታላቅ ወንድሜ ነዳ። እህቴ መድኃኒት ቤት ስላላት ስለ ጤና የመናገር ሥልጣን የእሷ ነው። እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ የመጨረሻዋ ልጅ፣ ከአባባ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ በወንድሜ ሰፈር አለፍን።

"እዚህማ አይሆንዎትም አባባ፤ ዳገት ነው፣ ጉልበትዎን ይጎዳዋል" አለ፣ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ።

አባባ በመስኮት አዩ። ኳስ ብታስቀምጡበት የማይንከባለል ሜዳ ነው።

"እውነትህን ነው፤ ዳገት ነው" አሉ።

ቀጥሎ የእህቴ ሰፈር መጣ። "እዚህ ደግሞ ጫጫታው አያስተኛዎትም። እንቅልፍ ማጣት ለደም ግፊት መጥፎ ነው" አለች። በመንገዱ ላይ የነበረችው አንዲት ድመት ብቻ ናት፤ እሷም ተኝታለች። የእናቴ መቀነት ጠለፈኝ ማለት ይኼ ነው ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሳቄ ጠፋ። ዳገቱም ጫጫታውም ተወስዶብኛል። "የኋላው ክፍል ባይሞላብኝ ኖሮ ደስታዬ ነበር አባባ። እስከ ጣሪያው ጨርቅ ነው" አልኩ።

ክፍሉ ባዶ ነበር። አንድ አልጋና ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት አለው። ባሌ እንኳ "አባትሽን እናምጣቸው" ብሎኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ እነዚህ ሁለቱ በወር አንዴ ብርቱካን ይዘው ብቅ ይሉ ነበር። አሁን ተራው የእነሱ ነው አልኩ። ዛሬም ድረስ ትክክል ነበርኩ እላለሁ፤ ምንም አልጠቀመኝም እንጂ።

በመጨረሻ ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡስ ከሚዞርበት ቦታ ደረስን። አባባ "አቁሙልኝ" አሉ። ወርደው የማያውቁትን ሰው በር በቁልፋቸው አንኳኩ፤ ሦስት ጊዜ መቱ፣ ቆም አሉ፣ አንድ ደገሙ። የሥራቸው ማንኳኳት ነው፤ ልጆች ሆነን ወደ ቤት ሲመጡም በዚሁ ነበር የምናውቃቸው። አንዲት ሴትዮ ከፈተች። የሚጠጣ ውሃ ለመኗት፣ ጠጡ፣ መርቀዋት ተመለሱ።

"እኔ ሰፈር የምለየው በሩን እስኪከፍቱልኝ እየቆጠርኩ ነው" አሉን። "እዚህ ሰባት ስል ተከፈተ።"

"በቃ፣ ተገኘ ማለት ነው!" አለ ወንድሜ። ደስታው ያሳፍር ነበር።

"ቆይ እስቲ" አሉ አባባ፤ "የቀረኝ በር አለ።"

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ከመቁረጤ በፊት የምነክረው ጨርቅ ስለነበረኝ ግቢ ውስጥ ቧንቧውን በሳፋው ላይ ከፍቼዋለሁ። በሩ ተንኳኳ። ሦስት፣ ቆም፣ አንድ።

ከገቡ ባዶውን ክፍል ያያሉ። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ደረቅሁ።

ደግመው አንኳኩ። በብረት በሩ ሥር ጫማቸው ይታየኛል። ጫማው ወደ ጎን ሄደና ቆመ፤ ከዚያ እጃቸው መሬት ሲደገፍ አየሁ። በዚያ ጉልበት ለምን እንደሚያጎነብሱ አልገባኝም፤ የጫማቸው ክር ተፈትቶ ይሆናል አልኩ። እኔን ያስጨነቀኝ የውሃው ድምፅ ነበር። ቀስ ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁት።

እንዳጎነበሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ከመሬት ተነሳ፣ ጫማቸውም ሄደ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እፎይ አልኩ።

በነጋታው ለወንድሜ ደውለው የአውቶቡስ መዞሪያው ይሻለኛል አሉት። ቅዳሜ አንድ ክፍል ቤት አስገባናቸው። ወንድሜ አልጋ ተሸከመ፣ እህቴ መድኃኒታቸውን ደረደረች፣ እኔ ራሴ የሰፋሁትን መጋረጃ ሰቀልኩ። ልጆች እንዲያ ሲተጉ ያየች ጎረቤት "የተባረኩ ናቸው" አለች።

ስንወጣ አባባ እኔን እስከ በሩ ሸኙኝ።

"ማክሰኞ መጥቼ አጣሁሽ" አሉ።

"ገበያ ወጥቼ ነበር አባባ።"

"እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን ቆጣሪሽ ከበሩ ውጭ አይደል? ልማድ ሆኖብኝ አጎንብሼ አየሁት። ይዞር ነበር። አለች ማለት ነው፣ ውሃው ጮኾባት ነው ያልሰማችኝ ብዬ ደስ አለኝ።" እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሸካራ ነው። "ከዚያ እያየሁት ቆመ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክፍሉ ባዶ ነው፣ አሁኑኑ እንሂድ ማለት ነበረብኝ።

ወንድሜ ከመኪናው ክላክስ አደረገ።

"ሂጂ፣ አታስጠብቂው" አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። በሩ ላይ ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ስደርስ ወንድሜ ድጋሚ ክላክስ አደረገ፤ ሳላንኳኳ ሄድኩ።