የወንድሜ የጨዋታ ደንቦች

ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ሰው የሚያስገለብጠውን ግን አላነብም። ካነበብኩማ ስንቱ ማመልከቻ ሲያስለቅሰኝ ሊውል ነው! የዚያን ቀን ግን አንዲት ነርስ ያመጣችውን ወረቀት ማሽኑ ላይ ላስተኛ ስል ክው ብዬ ቀረሁ። የታላቅ ወንድሜ ጽሑፍ ነው። ነፋስ እንደገፋቸው ወደ ግራ ያጋደሉት ፊደሎች የሱ ናቸው።

ልጆች ሳለን አክስታችን ግማሽ ካርዱ የጠፋ የሰሌዳ ጨዋታ ሰጠችን። ደንቡም አብሮ ጠፍቶ ስለነበር ወንድሜ የራሱን ፈጠረ። የጎደሉትን ካርዶች ከጫማ ካርቶን ቆረጠ፣ ቆርኪ አሰለፈ፣ ደንቦቹን ደብተር ላይ ጻፈ። ከዚያ «የፈለገ ይገልብጥ፣ የፈለገ ይጨምርበት» ብሎ ጽፎበት ለሰፈሩ ሁሉ አዋሰው። ተንጨረጨርኩ።

«የኛን ጨዋታ ለማንም ታድላለህ እንዴ?»

«አንቺ ቋጣሪ! ቢጫወቱት ምን ይጎድልብሻል?»

ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። አቤት ያ ጊዜ! ወለሉ ላይ በሆዳችን ተኝተን ስንጨቃጨቅ እናታችን ለራት እየተጣራች ጉሮሮዋ ይደርቅ ነበር።

ወንድሜ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በኋላ ጎርፍ ቤታችን ሲገባ ደብዳቤው፣ ደብተሩ፣ ሁሉም ሄደ። በእጁ የጻፈው አንድ መስመር እንኳ አልቀረኝም። ስንት መሳቢያ ገለበጥኩ መሰላችሁ!

«ከየት አመጣሽው ልጄ?» አልኳት ነርሷን።

«የሥራ ጓደኛዬ ሰጠችኝ፤ እሷም ከሌላ ሰው ነው የገለበጠችው። በእረፍት ሰዓት እንጫወተዋለን።»

የኮፒ ኮፒ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታል። ዳርዳሩን የማላውቃቸው ሰዎች ደንብ ጨምረውበታል። መሀሉ ላይ ግን በወንድሜ እጅ እንዲህ ይላል፦ «እህቴ ወደኋላ ከቀረች ሁሉም ይጠብቃት። አለዚያ ታለቅሳለች።» ይህን ደንብ አይቼው አላውቅም። ያኔ ባኮረፍኩት ሳምንት ጽፎት ይሆናል።

ነርሷ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ስታየኝ ያልገባኝ መስሏት ታስረዳኝ ጀመር። «እህት የምንለው መጨረሻ የቀረውን ተጫዋች ነው፤ ወንድም ቢሆን እህት ነው። ትናንት ዶክተሩ እህት ሆኖ ሁላችንም ጠበቅነው።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው እንባዬ ተከተለው።

«እህቲቱ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሰውን ሁሉ ጠብቋት ብሎ፣ ራሱ ሳይጠብቀኝ ሄደ።»

ሁለት ቅጂ አውጥቼ አንዱን ሰጠኋት፣ ሌላውን ደረቴ ላይ ያዝኩ። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«ነገ በእረፍት ሰዓት ይምጡ እትዬ» አለችኝ። «ቢዘገዩም እንጠብቅዎታለን።»