በታላቋ ልክ

ልብስ ሰፊዋ የግራው እጅጌ በቀኝ በኩል መሰፋቱን ያየችው፣ ደንበኛዋ ካፖርቱን ለብሳ መስታወት ፊት ከቆመች በኋላ ነበር። ክንዷን ስታነሳ ጨርቁ ትከሻዋ ላይ ተጠማዞ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ደንበኛዋ ጨዋ ስለነበረች፣ ትንሽ የያዛት እንደመሰላት ብቻ ተናገረች። ልብስ ሰፊዋን ግን ላብ አጠመቃት። ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰፋ፣ እንዲህ ያለውን ስሕተት የጀማሪ ነው እያለች ስትስቅበት ኖራለች።

ይቅርታ ጠይቃ፣ ለሐሙስ ቀጥራ ሸኘቻት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ታላቅ እህቷ መቀሷን እንደያዘች ቀና አለች።

«ምነው ልጅት፣ ሴትዮዋ የኋሊት እንድትራመድ ነው የሰፋሽላት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረው ይስቁ ነበር። ታናሿ ግን የተሳሳተውን እጅጌ መተርተር ጀመረች። ራስ ምታቱ ከጀመራት ሦስት ሳምንት ሆኗል። ጡቷ ከማበጡ የተነሳ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ሲነካት እንኳ ያማታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደም አየች። ጥቂት ነው፤ ግን ደም ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ተጠግታ በሹክሹክታ ስትነግራት የእህቷ መቀስ ጨርቁ መሀል ቆመ።

«ክሬሙን እንዳልኩሽ ነው አይደል የምትቀቢው?»

«እንዳልሽኝ ነው፣ እትዬ።»

«እኔን እኮ እንደገና ነው የፈጠረኝ» አለች ታላቋ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልደመቀም። «በይ ተነሺ። አሁኑኑ ሐኪሟ ጋ ሂጂ።»

ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ልክ ናቸው። ታላቋ በራሷ ልክ ሁለት ቀሚስ ትቆርጣለች፣ ታናሿ ሁለቱንም ትሰፋለች፤ ለራሷ ሜትር ዘርግታ አታውቅም። ካረጠች በኋላ ገላዋ ደርቆ ከባሏ ጋር መተኛት እንደ ቁስል ሲሆንባት፣ ሐኪሟ ለእህቷ ያዘዘችውን ያንኑ የሆርሞን ክሬም አዘዘችላት። በሳምንት ሁለቴ፣ በጣም ትንሽ፤ ካልተስማማት ደግሞ ቶሎ እንድትመለስ ነግራት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አቃጠላት፣ ራሷንም አመማት። አልተመለሰችም። እህቷን ጠየቀቻት። እህቷም፣ ስለሚያንስ ነው፣ እኔ መጀመሪያ ላይ በየማታው ሙሉ መስፈሪያ ነበር የወሰድኩት አለቻት። እሷም በእህቷ ልክ አደረገችው።

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተራዋን ስትጠብቅ በሐሳቧ የገዛ ቀብሯን አስፈጸመች። ካንሰር ነው፤ ለዚህ ጥርጥር አልነበራትም። የስፌት መኪናዋን ለልጇ ተናዘዘች፤ ልጅቷ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደማትችል ትዝ ሲላት ለእህቷ አዛወረችው። ከዚያ ባሏን ዳረችው። አዲሷን ሚስት መጀመሪያ ወጣት አደረገቻት፤ ቆይታ፣ ለራሷ ስትል፣ ትንሽ አስረጀቻት።

ሐኪሟ መረመረቻት፣ በአልትራሳውንድም አየቻት።

«የማህፀንዎ ግድግዳ ስስ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። ደሙ ከክሬሙ ይመስለኛል። ከተመለሰ ግን በዚያው ቀን ይምጡ። ለመሆኑ ምን ያህል ነው የሚወስዱት?»

ነገረቻት።

«ይህን ማን ለካልዎት?»

«እህቴ። አንድ ልክ ነን።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወገብና ቁመት አንድ ቢሆንም ገላ ለሆርሞን የሚሰጠው መልስ የየራሱ እንደሆነ፣ አንዷን የሚያድን መጠን ሌላዋን እንደሚያሳምም አስረዳቻት። በትንሹም መጠን እንዳመማት ስትሰማ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እርስዎ በትንሹም የሚሰማዎት ዓይነት ነዎት። ጥፋትዎ አይደለም፤ ገላዎ ነው። ለጊዜው እናቁመው። ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ አዝዝልዎታለሁ።»

«እሱ እንደ እህቴ ያደርገኛል?»

«ሕመሙን ሊቀንስልዎት ይችላል። እንደ እህትዎ ይሆናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

መንገድ ላይ ማዘዣውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለሞት ተዘጋጅታ ነበር የገባችው፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። ክሬሙን የጀመረች ዕለት፣ ማንም ሳያውቅባት፣ እኔንም እንደ እህቴ እንደገና ይፈጥረኛል ብላ ትልቅ ተስፋ አድርጋ ነበር።

አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ የአውቶቡስ ሾፌሩ ባሏ ሳሎን ሶፋው ላይ አንሶላ እያነጠፈ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ ማንኮራፋቴ ረበሸሽ ብሎ ነው ከመኝታ ቤት የወጣው። ማንኮራፋቱን ሃያ አራት ዓመት ችላዋለች። ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ ሁለቱም እያወቁ ዝም ተባባሉ።

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከፊቱ ቆመች።

«መድኃኒቱ አልተስማማኝም» አለችው።

«የምን መድኃኒት?»

ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ድርቀቱን፣ ሕመሙን፣ ጥርሷን ነክሳ የቻለቻቸውን ማታዎች፣ ክሬሙን፣ ደሙን። እሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«በሩን የምትቆልፊው ለዚህ ነበር?»

«ልጅቷ ሳታንኳኳ ዘው ትላለቻ። ስቀባ እንዳታየኝ ብዬ ነው። አንተስ ምን መስሎህ ነበር?»

ትራሱን አንስቶ ገለበጠው፤ መልሶ ገለበጠው።

«ቁልፉ ሲዞር እዚህ ይሰማል። በየማታው። እኔ እንዳልገባ መስሎኝ ነበር።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ቁልፍ ስታዞር፣ ድምፁ ከበሩ ወዲያ ለተኛ ሰው ምን እንደሚል አንድም ቀን አላሰበችም። ቦርሳዋ ከእጇ ወረደ።

«እንደ ድሮው ላልሆን እችላለሁ» አለች። «ሐኪሟም አልዋሸችኝም።»

«እኔም እኮ እንደ ድሮው አይደለሁም። ይሄ ሶፋ ወገቤን ጨርሶታል።» ሊያስቃት ፈልጎ ነበር።

ትራሱን ከእጁ ወሰደች። መኝታ ቤት ገብታ በድሮ ቦታው፣ በግድግዳው በኩል፣ አስቀመጠችለት። እሱ ብርድ ልብሱን ታቅፎ ተከተላት፤ ደፍ ላይ ሲደርስ ግን እንደ እንግዳ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለችው። «መተኛት ብቻ ነው።»

«መተኛት ብቻ» አለ።

ገብቶ በሩን ገፋ አደረገው። ከሌላው ክፍል ልጃቸው በስልክ ስትስቅ ይሰማል። እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ዞሮ አያት።

«ልቆልፈው?»

ዛሬ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ክሬሙም ቆሟል፤ ከእንግዲህ የሚመጣውን ሁለቱም አያውቁትም። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ቆልፈው» አለችው።

ቁልፉን አዞረው።