የእማማ ሱሀይራ ፍየል የዋጠችው ፌስታል

ይህ ነገር እውነት ነው፤ ከእውነትም የነጠረ እውነት። ውሸት ከሆነ እኔን ሰይፈ ሚካኤልን የሰኔ የድሬዳዋ ፀሐይ በባዶ ራሴ ያቅልጠኝ። ዛሬ ለጽዳት ዘመቻ መጥረጊያ ይዛችሁ እዚህ ሰፈራችን ከዚራ የወጣችሁ ሁሉ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት ይህን ስሙ።

ጎረቤቴ ነጋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እየሰፋ የሚኖር፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ስምንት ሳምቡሳ ገዛ። ኧረ ምን ስምንት፣ ሠላሳ! እየሄደ ጨረሰው። ዘይት የጠገበውን ፌስታልስ? ግራ ቀኙን አየና ዛፍ ሥር ወርወር። አምስት እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው ኮሽታ ሰማ። ዞር ቢል የእማማ ሱሀይራ ፍየል! ከአፏ ውጭ የቀረው የፌስታሉ እጀታ ብቻ ነበር። እሱም ገባ።

ነጋ ክው ብሎ ቀረ። ይህች እኮ ተራ ፍየል አይደለችም። የእማማ ሱሀይራ የልጅ ልጅ ሙመድ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የላም ወተት ሆዱ አይቀበልም፤ ነፍሱ የቆመችው በዚህች ፍየል ወተት ነው። የሕፃኑ አባት ዑግባድ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። የተሳቢ ጎማ በአንድ እጁ አንስቶ በሌላው ሻይ የሚጠጣ! ነጋ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በማግስቱ ፍየሏ ማመስኳት አቆመች። ቀትር ላይ ሆዷ እንደ ውሃ ሮቶ ተነፍቶ ደጃፍ ላይ ተዘረረች። ሰፈርተኛው ተሰበሰበ፤ ቢያንስ ሦስት ሺህ ሰው። የእንስሳት ሐኪሟ ሳቢሪን ተንበርክካ የፍየሏን ሆድ መታ መታ አደረገች።

«ምን በልታ ነው?»

«ምን አውቄ ልጄ፣ የሰጠኋት ገለባ ነው» አሉ እማማ ሱሀይራ።

«ጋዝ ብቻ ከሆነ ዘይት ስናጠጣት ይለቃታል። ፌስታል ከዋጠች ግን ዘይት ዋጋ የለውም፤ አሁኑኑ ሆዷን መክፈት አለብኝ። በከንቱ ከከፈትኳት ደግሞ እኔው እገድላታለሁ። ስትበላ ያየ ሰው የለም?»

ነጋ ወደ ጥላው ሸሸት አለ።  ጉልበቱ ሲብረከረክ የከዚራ መስኮት ሁሉ ተንኳኳ። ዑግባድ ዞር ብሎ አየው፤ ያ ዓይን! ጅብ ቢሆን ይሻላል።

«አቦ ነጋ፣ ምን ያልብሃል?»

«ሙ… ሙቀቱ ነው።»

«ወላሂ፣ ጥላ ውስጥ ቆመህ?»

ሰው ሳቀ። ነጋ ግን ቢናገር ዑግባድ አንስቶ ከከተማ ውጭ እስከ መልካ ጀብዱ እንደሚወረውረው ታየው። ዝም ቢል ፍየሏ መሞቷ ነው። እግሩ ለመሸሽ አንዴ ተነሳ። ያኔ ከቤት ውስጥ ሙመድ የራበው ልጅ ለቅሶ አለቀሰ። ቀጭን ለቅሶ፤ መርፌ ነው፣ በጆሮ ገብቶ ልብ ላይ የሚሰካ።

«ፌስታል ነው!» ብሎ ጮኸ ነጋ። «የጣልኩት እኔ ነኝ! ስትውጠው አይቻለሁ!»

ሳቢሪን የፍየሏን ሆድ ከፈተች። ፌስታሉ ቢጎተት፣ ቢጎተት አያልቅም! አርባ ክንድ ወጣ፤ ተከትሎት ሁለት ነጠላ ጫማና አንድ ጃንጥላ። ፍየሏ ሆዷ ተሰፍቶ ሲያልቅ ብድግ፣ አጥር ዘልላ እብስ! በዚያው ምሽት አሥር ሊትር ታለበች። ዑግባድም ነጋን አቅፎ ሳመው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ መንገድ ላይ የጣላችሁት ነገር የማን ሆድ እንደሚገባ አታውቁም። ካላመናችሁኝ እማማ ሱሀይራ ይኸው ከመሐላችሁ ናቸው፤ ጠይቋቸው!

ሰይፈ ሚካኤል ይህን ሲል ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እማማ ሱሀይራ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ነጋ ፍየሏ የታመመች ቀን ሥራ ላይ ነበር» አሉ። «ሳቢሪን ስትጠይቅ ማንም አልተናገረም። ዘይት አጠጣናት፤ ሳይመሽ ሞተች። ሲከፍቷት ነው ፌስታሉን ያየነው።»

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ተራኪው መለሱ።

«ጥላው ውስጥ ቆመህ ላብ ያጠመቀህ አንተ ነበርክ፣ ሰይፈ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።»