የአርባ ደቂቃ መብራት

«ቁልፉ የት ነው?» አለ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የቀረበለትን ቡና ገና ሳይቀምስ።

ሟቹ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሴት ልጁ ቀና ብላ ኃላፊውን አየችው። ሌላው ለቅሶኛ «ያጽናሽ» ብሎ ይቀመጣል፤ ይሄ ቁልፍ ይጠይቃል።

«የምን ቁልፍ?»

«የአባትሽ የኮምፒውተር ሙዚየም። ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴ ይመጣል። ከአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ እንኳ የሚሠራ ካለ ሙዚየሙ ይቆያል። ከሌለ ዕቃው እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል፤ ክፍሉ የወንበር መጋዘን ይሆናል።»

«ጥቂት ቀን መታገሥ አቃታችሁ?»

«ቀጠሮው ቀድሞ የተያዘ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«አባቴ ነዋ ያለ ቀጠሮ የሞተው!»

አክስቷ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። «ተይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲው የጣለውን ሲለቅም የኖረ ሰው ነበር። አዲስ ዲን በተሾመ ቁጥር አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል፣ አሮጌው ዝናብ ላይ ይወረወራል፤ እሱ በጋሪ እየገፋ ያስገባል። «የቆሻሻ ዘበኛ» ይሉት ነበር፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚያው ቆሻሻ ላይ የጻፉ ምሁራን። እሷም ተቀይማው ኖራለች። የተመረቀች ቀን እንኳ አርፍዶ፣ ብየዳ ብየዳ እየሸተተ ነው የደረሰው።

አንድ ጊዜ ግን በሩን ዘግቶ አሳያት። ቁም ሣጥን የሚያክለውን፣ ከአሮጌዎቹ ብቻውን የሚሠራውን ማሽን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ አልሰካውም። ከኃይል ማስተካከያ ጋር አገናኝቶ ኃይሉን ከዜሮ ከፍ እያደረገ ማዞሪያውን በጥቂት በጥቂቱ አዞረ። አርባ ደቂቃ ፈጀ።

«ብዙ ቀን የተራበ ሰው በአንዴ ብታጠግቢው ምን ይሆናል?»

«ይሞታል።»

«ይሄም ጠፍቶ ከከረመ እንደዚያው ነው።»

ኋላ እሱ ስምንት ወር አልጋ ላይ ሲውል ማሽኑም ጠፍቶ ከረመ።

«ቁልፉ ኤሌክትሪሻኑ ጋ ነው» አለች አክስቷ። «የአባትሽ ጓደኛ። ጠዋት ወሰደው። ‹ለኮሚቴው አብርቼ አሳያለሁ፣ የወዳጄን ልፋት መና አላስቀርም› አለኝ።»

ልጅቷ ስልክ ደወለች። አያነሳም። ብድግ አለች።

«ለቅሶ ጥለሽ የት ልትሄጂ?»

«አባቴ ጋ!»

ሙዚየሙ በር ላይ ስትደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበላት። ኤሌክትሪሻኑ ማሽኑን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሽበታም ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

«ግድግዳው ላይ ሰካሁት» አለ። «መብራቶቹ ሁሉ በሩ። ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል ጢሱ ወጣ።»

«በቀስታ ነበር እኮ፣ ጋሼ! በቀስታ!»

«ማን ነገረኝ? ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው፤ ሲያበራ በር ይዘጋብኝ ነበር። ይሰብሩብኛል ብሎ ማንንም አያምንም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር?»

ታውቅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰችም። አባቷም «ለእገሌ ንገሪ» አላላትም፣ ግትር!

ኃላፊው ተከትሏት ገባ። ጢሱን በእጁ እየበተነ፣ «እንግዲህ...» አለ።

ኮሪደሩ ላይ የኮሚቴው ሰዎች ሳቅ ይሰማል። የማሽኑ ክዳን ገና ትኩስ ነበር። ልጅቷ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ አሳረፈችበት፤ ሰዎቹ ገብተው ሲያናግሯትም፣ እስኪበርድ ድረስ አላነሳቻቸውም።