የዶሮ ቤቱ ጣሪያ

ልብስ ሰፊዋ ማታ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያስቀመጠችው ሥጋ ሁለት ቁራጭ ነበር። ጎህ ሲቀድ የጓሮውን በር ከፍታ ቀና ብትል የቀረው አንድ ብቻ ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ክው አለች፤ ባሏ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

"በሩን ቀስ አድርጊው" አላት በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከዛፉ ሳይነቅል። "ነይ፣ ጠጋ በይ።"

ሰውየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሲስቅም ሲቆጣም ድምፁ ሦስት ቤት ስለሚሻገር ሰፈሩ "ጥሩምባ" ይለው ነበር። ልቡን ታሞ መሪ እንዳይዝ ከተከለከለ ወዲህ ግን አንደበቱ ተዘጋ። የጠየቁትን ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል፤ ምግቡን ነካ ነካ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በየማለዳው ከጎኗ ሲነሳ እንቅልፍ አጥቶ ይመስላት ነበር እንጂ የት እንደሚሄድ ጠይቃው አታውቅም።

"ምንድን ነው የምታየው?"

"ጭልፊቶቹን ነዋ! ያውልሽ፣ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ። ልጃቸው ዛሬ ካልሆነ ነገ ይበራል። ትናንት ክንፉን ዘርግቶ ሲንገዳገድ ብታዪው፣ መሪ ገና የጨበጠ ለማጅ ሾፌር ነው የሚመስለው!"

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። እሷ ግን ዓይኗን ወደ ዶሮ ቤቱ ጣሪያ ወረወረች። ሥጋው በአይጥ መርዝ የታሸ ነው። ጭልፊቶቹ ጫጩቶቿን እየለቀሙ ሲጨርሱባት "ቆይ ብቻ!" ብላ በገዛ እጇ ያሸችው።

"እናትየው ጎጆው ላይ ናት" አለ። "አባትየው ግን ቆየ። ይሄኔ ምግብ ይዞ መምጣት ነበረበት።"

"ርቆ ሄዶ ይሆናላ" አለች።

"ምን ሆነሻል? በዚህ ብርድ ላብ አጠመቀሽ እኮ!"

የቀረውን ቁራጭ ልታወርድ ፈቀቅ ስትል ክንፍ አየሩን ሰነጠቀው። አባትየው አጥሩ ላይ አረፈ። ጥፍሩ ውስጥ ሥጋው አለ። ከላይ ልጁ አፉን ከፍቶ ይጮሃል።

"መጣ!" ሾፌሩ እጇን ለቀም አደረገ። "እንዳትንቀሳቀሺ፣ ይደነብራል።"

ዝም ብትልስ? ማን ያውቅባታል? ወፍ እንደሆነ በራሱም ጊዜ ይሞታል። ይህን እያሰበች ሳለች ጭልፊቱ ሊነሳ ክንፉን ከፈተ። እጇን መንጭቃ ዶሮ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጠውን ባልዲ አነሳችና በድንጋይ እየቀጠቀጠች ወደ አጥሩ ሮጠች።

"ጣለው! ጣለው አንተ!"

ጭልፊቱ በርግጎ ተነሳ። ሥጋው አጥሩ ሥር ዱብ አለ። እናትየውም ጎጆዋን ጥላ በረረች።

"አንቺ ሴት አብደሻል?" ሾፌሩ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ምን አደረጉሽ?"

ሥጋውን በቀሚሷ ጫፍ አንስታ አገላብጣ አየችው። አልተነከሰም። "ጫጩቶቼን አስታውሰውኝ ነው" ብትለው ያምናት ነበር።

"መርዝ ነው" አለችው። "እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። እንደምትወዳቸው አላወቅኩም።"

"ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።"

"መቼ ታናግረኛለህ? ግድግዳ ያገባሁ እስኪመስለኝ ድረስ!"

ሾፌሩ መሰላሉን አምጥቶ አስደገፈላት፤ ወጥታ ሁለተኛውን ቁራጭ አወረደች። ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ሁለቱንም ቀበሩ። ጎጆው ውስጥ ልጁ ብቻውን ይጮሃል።

ፀሐይ አጥሩን ስትሻገር እናትየው ተመለሰች። ባልና ሚስቱ ግን አባትየውን ፍለጋ አሁንም ሰማዩን እያዩ ነው። ብዙ ቆይቶ አባትየው ባዶ ጥፍሩን መጣና ከጎኗ አረፈ። ሾፌሩ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሚስቱን ግን ዞሮ አላያትም።

ስልኳ ጮኸ። ያሰፋችውን ቀሚስ ልትወስድ ሱቁ በር ላይ የቆመች ደንበኛ ናት።

"ሂጂ እንግዲህ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል" አላት።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አነሳች። "የኔ እህት ይቅርታ፣ ዛሬ የምከፍተው ከሰዓት ነው" ብላ ዘጋችው። ከቤት ሌላ በርጩማ አምጥታ ከባሏ አጠገብ ቁጭ አለች።

"አባትየው የትኛው ነው?" አለችው።